ቦሌ ሚካኤልን ሰጠሁ

ቦሌ ሚካኤል፣ ጥቅምት 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም ወንድም ጋሼ፣

ስለ ጤናህ በወጉ ሳልጠይቅ ወደ ነገር ስገባ ይቅር በለኝ። ሐሩን የጨው አይሱዙውን ጫልቱ ሱቅ በር ላይ አቁሞ ጥሩምባ ይነፋል። «ካልጨረስሽ በቃል ንገሪኝና ልሂድ» ይለኛል። በቃል የተላከ ነገር ግን አፍዴራ እስኪደርስ ያብጣል፤ ባለፈው ጉንፋን ያዘኝ ብዬው አንተ ዘንድ ሆስፒታል ተኝቼ ነው የደረስኩት። ስለዚህ ይጠብቅ።

ሁላችንም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሚስትህ ጫልቱ ሱቋን፣ ልጅህ ትምህርቷን፣ እኔም አትላስ ያለውን ቢሮዬን ይዘን አለን።

«ልጄን ስልክ ውስጥ ምን ታሠሪያታለሽ?» ብለህ የላክኸው ጥያቄ አስቆኛል፤ ትንሽም አናዶኛል። ሳና አልተቀጠረችም! ቢሯችን ለልጆች የእንቆቅልሽ አፕ ሠርቷል፤ ስሙ «ምናውቅልሽ» ነው። አንተ እናታችን ደጃፍ ላይ ተቀምጠህ ታስለቅሰኝ የነበረው ጨዋታ ማለት ነው፤ ስልክ ላይ ሆነ እንጂ ያው ነው። «እንቆቅልሽ!» ሲላት ልጅቷ «ምን አውቅልሽ» ትላለች። መልሱን ካላወቀች «አገር ስጪኝ» ይላታል። አንዲት ቁልፍ ትነካለች፤ ስልኩ ያለችበትን ሰፈር ያገኝና «ቦሌ ሚካኤል ገብቼ፣ ምን አጥቼ!» ብሎ ፎክሮ መልሱን ይነግራታል። ልጆቹ የሰፈራቸውን ስም ከስልክ ሲሰሙ በሳቅ ይሞታሉ። ይህ የእኔ ሐሳብ ነው። ድምፁም የእኔ ነው።

መጀመሪያ የሞከረችልኝ ሳና ናት። ከዚያ የሰፈሩ እናቶች ጫልቱ ሱቅ ድረስ እየመጡ የፈቃድ ወረቀት ፈረሙልኝ። ሁለት መቶ አርባ እናት! ወረቀቱን እንኳ አያነቡትም፤ «አንቺ ካለሽበትማ» ብለው ይፈርማሉ። ሁሉንም በሰማያዊ ክላሰር አስቀምጬዋለሁ።

የጫልቱ የኢንተርኔት ጥቅል ቶሎ የሚያልቀው ልጅቷ ጨዋታ ስለምታበዛ ነው። እመክራታለሁ። ስትሄድ «ሳና አማናሽ ናት፣ አደራ» ያልከኝን አልረሳሁም።

ሐሩን ሊበላኝ ነው። ሰላም ሁንልኝ።

እህትህ ዘኪያ


አፍዴራ፣ ኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወዓለይኩም ሰላም ዘኪ፣

ደብዳቤሽ ሐሩን መኪና መስታወት ሥር ፀሐይ ሲመታው ከርሞ እንደ ቂጣ ደርቆ ደረሰኝ። እኔ ደህና ነኝ። ሙቀቱ እንደምታውቂው ነው፤ ኔትወርኩም እንደምታውቂው ነው። ሐሙስ ይመጣል ይሉናል፤ የትኛው ሐሙስ እንደሆነ ግን የነገረን የለም።

እናታችን ደጃፍ ላይ ያለቀስሽው እኔ ስላስለቀስኩሽ አይደለም፤ አገር አልሰጥም ስላልሽ ነው። ስድስት ዓመትሽ ነበር። «ደሴን አልሰጥህም» ብለሽ ቀኑን ሙሉ አኩርፈሽ ዋልሽ፤ እናታችንም ለደሴ ስትል እኔን ገረፈችኝ። አሁን ደግሞ አንቺ የሰው ልጅ አገር ተቀባይ ሆንሽ። ግሩም ነው።

ሁለት ነገር ልጠይቅሽ፤ አትቆጪ። አንደኛ፣ ጫልቱ ስልኩ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ተቀምጦ ይሞቃል ብላ አስጽፋ ልካልኛለች። ማንም ሳይነካው የሚሞቅ ብረት እኔ የማውቀው ፀሐይ ላይ የተሰጣ ብቻ ነው። ልጅቷ ጨዋታ አበዛች ማለት ለዚህ መልስ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ ልጆቹ የሚሰጧችሁን አገር የት ነው የምታስቀምጡት? እኛ ስንጫወት አገሩን ሰጥተን፣ መልሱን ሰምተን፣ እራት ስንበላ ረስተነው ነበር። ስልክ ይረሳል?

ወንድምሽ ኻሊድ


አትላስ፣ ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ ስጀምረው ሦስተኛዬ ነው፤ ሁለቱን ቀድጃቸዋለሁ። ከቢሯችን ሥር ካለው ካፌ ነው የምጽፈው። ማኪያቶዬ ቀዝቅዟል፣ አስተናጋጇ ሰው የምጠብቅ መስሏት በየደቂቃው በሩን ታይልኛለች።

የስልኩ ነገር እንዲህ ነው። አለቃዬ ዘርአጽዮን ከአንድ የማስታወቂያ ደላላ ያመጣውን ዝግጁ ኮድ አፑ ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ከፍቼ ሳላየው ነው ያስገባሁት። ያንተ ደብዳቤ በደረሰኝ ማግሥት ከፈትኩት። ሳና እንቆቅልሽ ስታስብ፣ ከምታየው ሥዕል በስተጀርባ ማንም የማያየው ማስታወቂያ ይጫወታል። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይቀጥላል። ስልኩ ራሱ ማስታወቂያውን ይነካዋል፣ ራሱም «ሰው አይቶታል» ብሎ ይመሰክራል። ጫልቱ ኪሷ ስታስገባው እንኳ አያቆምም። ነጋዴው ሰው አየልኝ ብሎ ይከፍላል፤ ያየለት ግን የጫልቱ ሽርጥ ነው። ይህ ሌብነት ነው፣ ወንድም ጋሼ። ሌላ ስም ፈልጌለት አጣሁ። የእናቶቹን ሁሉ ጥቅል የሚጨርሰውም ይኸው ነው።

ሁለተኛው ጥያቄህ ግን ዕረፍት ነሣኝ። ስልክ አይረሳም። ልጆቹ የሰጡት አገር ሁሉ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ለደላላው ይሄዳል፤ ደላላው ለማን እንደሚሸጠው አላውቅም። የልጆች ነገር እንዳይሄድ አጥር ነበረን። ከአሥራ ሦስት ዓመት በታች የሆነን ልጅ መከታተል በደላላውም ደንብ ክልክል ነው፤ ስለዚህ አፑ ሲከፈት የትውልድ ዓመት የሚጻፍበት ሳጥን አለ። ሳጥኑን የሠራሁት እኔ ነኝ። የሚቆጥረው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ያንን ግን ሳጥኑ ላይ አልጻፍኩትም።

ጫልቱ ሳና የተወለደችበትን 2007 ብላ ሞላች። የትኛዋ የቦሌ ሚካኤል እናት የልጇን ልደት በፈረንጅ ትጽፋለች? ማሽኑም ከ2025 ላይ 2007 ቀነሰና አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው አለ። የአሥር ዓመት ልጅህን ለአካለ መጠን አደረስኳት። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ በእኔ ሳጥን አልፈው ሰባት ስምንት ዓመት አድገው ወጡ፤ አጥሩም ተከፈተላቸው።

ለዘርአጽዮን ነገርኩት። ክፉ ሰው እንዳይመስልህ፤ ድምፁን እንኳ ከፍ አያደርግም፣ ልደቴን አስታውሶ ኬክ ያስመጣ ሰው ነው።

«ዘኪያ፣ እኛ ምን አገባን? እናትየዋ ራሷ የጻፈችው ዓመት ነው» አለኝ።

«በፈረንጅ ጻፉ አላልናቸውም እኮ!»

«ትልልቅ ሲሆኑ የሚመጣው ማስታወቂያ ይሻላል። ለምን እናሳንሳቸዋለን?»

ሳቀም። ሳጥኑን በዚያው ቀን አስተካከልኩት፤ በማግሥቱ ስገባ እንደነበረው ተመልሶ አገኘሁት። አንድ ሌላ ነገርም አለ፤ «አገር ስጪኝ» ካለ በኋላ መልሱ ሳይመጣ በፊት የሚታይ ማስታወቂያ ይገባል። ልጅ እዚያ ጋ ዓይኗን አትነቅልም ብሎ ቦታውን የመረጠው ዘርአጽዮን ነው። ልክ ነው፤ አትነቅልም።

እባክህ ለጫልቱ አሁን አትጻፍላት። መጀመሪያ እኔ ላስተካክለው። ትንሽ ጊዜ ስጠኝ።

ዘኪያ


አፍዴራ፣ ኅዳር 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዘኪ፣

ሰላምታውን ሐሩን ያድርስልሽ፤ እኔ ተናድጃለሁ።

የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል። አለቃሽ ይልሳል፣ አንቺ ካፌ ተቀምጠሽ ታለቅሻለሽ። ልጆቹን ከገደሉ ሥር ማን ያውጣቸው?

«ለጫልቱ አትጻፍላት» ስትይ ምን ነካሽ? ልጅቷን እሷ ናት የወለደቻት። ይህን ሁሉ አገር ርቄ እኔ የማውቀውን እሷ ሱቋ ውስጥ ተቀምጣ አታውቀውም ማለት ነው? ከፈራሽ ደግሞ ፈራሁ በይ። እኔ እህቴ ስትፈራ አይቼ አውቃለሁ፤ ስትደብቅ ግን ገና አሁን ነው ያየሁሽ።

በሳጥኑ አልቀየምኩሽም። ወላሂ አልተቀየምኩም፤ እዚህ ስንት የተማረ መሐንዲስ መጥቶ መስከረምን ከሴፕቴምበር ጋር እያምታታ ጨው ያለ ዝግጅት አስጭኖናል። ሰው ይሳሳታል። ግን አሁን አውቀሻል፤ ካወቅሽ በኋላ የሚያልፈው ቀን ሁሉ ከበፊቱ ጋር አንድ አይደለም። ሁለት መቶ አርባ ፊርማ ስትሰበስቢ ቤቱን ሁሉ ታውቂው ነበር። አሁን መንገዱ ጠፋሽ?

ይህ ወረቀት እጅሽ በገባበት ቀን ለጫልቱ ንገሪያት። ለነገ አታሳድሪው።

ኻሊድ


ቦሌ ሚካኤል፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

ሁላችንም ደህና ነን። ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ፤ ትንሽ ዘገየ። ያልከውን አድርጌያለሁ፤ ጫልቱ አውቃለች።

ሳና ደህና ናት። ብርዱ ዘንድሮ ጠንክሯል። ጫልቱ ሱቁን ሁለት ቀን ዘግታው ነበር፤ ትንሽ አሟት ነው፤ አሁን ከፍታለች። አውሮፕላኑም እንደ ድሮው ጣሪያችንን ሊያነሣው ነው። ሳና ደህና ናት፣ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ እኔ ነኝ የማደርሳት።

ሐሩንን ብዙ አታስቸግረው፤ መንገዱ አድክሞታል። ሳና ደህና ናት። ሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፍልሃለሁ።

ዘኪያ


አፍዴራ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዘኪያ፣

በአንድ ገጽ ሦስት ጊዜ «ሳና ደህና ናት» ብለሻል። ደህና ለሆነች ልጅ አንዴ ይበቃል። ሐሩንን ጠየቅሁት፤ ጎማውን ሊያይ ወጣ። ተከትዬው ወጣሁ። ልጅቷ ቤት መሆኗን ምሎልኛል፤ የቀረውን «ከዘኪያ ስማው» አለ።

ከአንቺ ልስማው። ምንም አታስቀሪ።


ቦሌ ሚካኤል፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

ከእኔ ስማው።

ታኅሣሥ 3 ቀን ከሰዓት ነው፤ ደብዳቤህ ከመድረሱ አራት ቀን በፊት። ሳና ከትምህርት ቤት ተመልሳ ሱቁ ደረጃ ላይ በእናቷ ስልክ ትጫወት ነበር። እንቆቅልሹ «ውሃ ይወልደኛል፣ ውሃ ይበላኛል» የሚል ነው። አላወቀችውም። የእኔ ድምፅ «አገር ስጪኝ» አላት። «ቦሌ ሚካኤልን ሰጠሁ» ብላ ቁልፉን ነካች። መልሱ ሳይመጣ ማስታወቂያው ገባ። ሃያ ሁለት ሰፈር አዲስ የተከፈተ ቤቲንግ ቤት ነው፤ ኳስ የሚወራረዱበት፤ ለአሥራ ስምንት ዓመት ሰው የተላከ ማስታወቂያ ነው። «የቦሌ ሚካኤል ልጅ! ያንቺ ድርሻ ሃያ ሁለት ተቀምጦልሻል፤ ዛሬውኑ ነይና ውሰጂ» ይላል። ከዚያ በኋላ ስልኩ ከብዶት አፑ ተዘጋ። መልሱ አልመጣም።

እንደ ልጅ አስበው። በእኛ ጨዋታ አገር የሰጠ ሰው መልሱን ያገኛል። ሳና አገሯን ሰጥታለች። ስልኩም በሰፈሯ ስም ጠርቷት ያንቺ ድርሻ ሃያ ሁለት ተቀምጧል አላት። መልሱ መሰላታ! ስልኩን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ፣ የምሳ ዕቃዋን ሳታወርድ፣ ሁለት ታክሲ ቀያይራ ሄደች።

ጫልቱ ጎረቤት ያለች መስሏት ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ! ከዚያ በኋላ ያለውን ጩኸት አልጽፈውም። ለእኔ ቢሮ ተደወለልኝ፤ ከአትላስ ወጥቼ ሮጥኩ፤ ወዴት እንደምሮጥ ግን አላውቅም። ሲሮጡ እንኳ ወደ አንድ ቦታ ነው የሚሮጠው፣ ወንድም ጋሼ፤ እኔ ቦታ አልነበረኝም። ስንት ወር ሙሉ የማላውቃቸው ሰዎች የት እንደምትውል ሲያውቋት የኖረችውን ልጅ፣ እኛ አጣናት።

ያገኟት የቤቲንግ ቤቱ ጥበቃ ናቸው፤ ጋሽ ጀቤሳ ይባላሉ፣ ሽማግሌ ሰው ናቸው። በሩ ላይ ቆማ ወደ ውስጥ ስታይ አገኟት።

«ልጄ፣ ማን ላከሽ?»

«አክስቴ ጠርታኝ ነው።»

«ምን ልትወስጂ?»

«መልስ።»

የምን መልስ ብለው እንቆቅልሹን አስነገሯትና «ጨው ነዋ!» አሏት። ከዚያ ወንበራቸውን ለቀውላት የእናቷን ቁጥር ጠየቋት፤ በቃሏ ታውቀዋለች። ሐሩን ያን ጊዜ ሱቁ በር ላይ ነበር፤ መኪናውን ትቶ ከጫልቱ ጋር ታክሲ ውስጥ ዘሎ ገባ። ላንተ ፊቱን ያዞረው ያንን አይቶ ነው። ልጅቷ አንዲት ጭረት የለባትም። ከጋሽ ጀቤሳ ጋር ቆሎ እየበላች ነው ያገኟት።

«አክስቴ ጠርታኝ» ማለቷን አስበው። አልዋሸችም። ድምፁ የእኔ ነው።

ለጫልቱ የነገርኳት ያን ቀን ነው፤ ያንተ ደብዳቤ ከመድረሱ በፊት፣ ግን ከረፈደ በኋላ። ቁጭ ብላ ሰማችኝ። አልጮኸችብኝም። ከዚያን ቀን ወዲህ ምግብ ታቀርብልኛለች፣ «ብዪ» አትለኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ነገ ክላሰሩን ይዤ ቤት ለቤት እወጣለሁ። ለእያንዳንዷ እናት የፈረመችበትን ወረቀት መልሼ፣ ያደረግሁትን ነግሬ፣ አፑን ከስልኳ ላይ አጠፋለሁ። የምጽፍልህ ስለፈራሁ ነው። ለአንተ ከጻፍኩ ወደ ኋላ ማለት አልችልም።

ዘኪያ


ቦሌ ሚካኤል፣ ጥር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም ወንድም ጋሼ፣

ለመጨረሻው ደብዳቤዬ የላክኸውን መልስ አንብቤ መልሼ አጠፍኩት፤ ከዚያም ደግሜ አነበብኩት። ያልከኝን እዚህ አልደግመውም። ልክ አይደለህም የምልበት ቦታ ፈልጌ አንድም አላገኘሁም። «አማናው የታለ?» ብለሃል። የሆነውን ግን ልንገርህ፤ ጠይቀሃልና።

ክላሰሩን ይዤ በወጣሁበት ቀን ጫልቱ ከኋላዬ ሱቁን ስትቆልፍ ሰማሁ። «የፈረሙት እኔ ሱቅ ውስጥ ነው» አለችኝና ቀድማኝ መንገድ ጀመረች። በሃያ ቀን ውስጥ ያወጣችልኝ የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ነበር። አሥራ አንድ ቀን ዞርን። አንዳንዶቹ ወረቀቱን ተቀብለው ሻይ አቀረቡልን፤ ነገሩ አልገባቸውም። አንዳንዶቹ በሩን ዘጉብን። አንዷ «እኔማ የዘኪያ ድምፅ ነው ብዬ ልጄን ከስልኩ ጋር ትቼ ገበያ እሄድ ነበር» ብላ አለቀሰች።

ከሁሉም የኦብሴ ነገር ከውስጤ አልወጣም። ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ ያለችውን ታውቃታለህ፤ የሰባት ዓመቱ ሂካ እናት ናት። ሁሉንም ሰማችኝ፣ ወረቀቷን አየችው፣ መልሳ ሰጠችኝ።

«ወረቀቱን ምን ላድርገው? የልጄን አገር መልሺልኝ» አለች።

ምን እላታለሁ? የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ሂካ የት እንደሚማር፣ በስንት ሰዓት እንደሚመለስ፣ እሑድ እሑድ አያቱ ጋ ገርጂ እንደሚሄድ የሚያውቅ ማሽን የሆነ ቦታ አለ፤ የት እንደሆነ እኔም አላውቅም። ጫልቱ ናት መልስ የሰጠቻት፤ «የእኔንም አልመለሰችም» አለቻት። ሁለቱ ተያዩ። እኔ በመካከላቸው ቆምኩ።

አትላስ መሄድ ትቻለሁ። የተደበቀውን ማስታወቂያና የሳጥኑን ነገር ከነማስረጃው ለደላላውም ለነጋዴዎቹም ላክሁ፤ አፑ ከስልክ ገበያው ወርዷል። ዘርአጽዮን ደውሎ አልሰደበኝም። «ሳጥኑን የሠራሽው አንቺ ነሽ፣ አትርሺ» ብቻ አለኝ። አልረሳሁም። አሁን ጫልቱ ሱቅ ውስጥ ስኳር እመዝናለሁ፤ ስቸኩል እደፋለሁ፤ ጫልቱ ትለቅማለች።

ሳና ደህና ናት። አንድ ጊዜ ነው የጻፍኩት፣ እየው። ግን አንድ ነገር ልንገርህ።

ትናንት ከሰዓት ደረጃው ላይ ተቀምጠን ነበር። ስልክ የለም፤ ሁለታችን ብቻ ነን። እንደ ድሮው በአፍ እንጫወት አለችኝ። ደስ አለኝ፤ ልቤ እንዴት ደስ እንዳለው! እሷ ጠየቀችኝ፣ አወቅሁላት። እኔ ጠየቅኋት፣ አቃታት። ሳላስበው «አገር ስጪኝ» አልኳት።

ጣቶቿን ቀሚሷ ውስጥ ደበቀቻቸው።

«አልሰጥሽም» አለችኝ።

የደሴዋን ዘኪያን አስታውሼ ሳቅሁ። ከዚያ ፊቷን አየሁ። አኩርፋ አልነበረም፤ አስባበት ነው።

«ለማን እንደምትነግሪ አላውቅማ» አለችኝና ተነሥታ ወደ እናቷ ገባች።

እኔ እዚያው ቀረሁ። ወንድም ጋሼ፣ የሰው አገር ሁሉ ቢመለስ ይህ አይመለስም።

ከዚህ ጋር የታጠፈው ግማሽ ወረቀት የእሷ ነው። «ለአባቴ ብቻ» ብላ ጽፋበታለች፤ እኔ ግን ስታጥፈው አይቼዋለሁ። ያችኑ ጋሽ ጀቤሳ የፈቱላትን እንቆቅልሽ ነው የላከችልህ። አባቴ ይህን በፍጹም አያውቅም ብላ ለጫልቱ ስትምል ሰምቻለሁ።

ዘኪያ


አፍዴራ፣ የካቲት 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወዓለይኩም ሰላም ዘኪ፣

ያን ደብዳቤ በንዴት ነው የጻፍኩት። ግማሹን አንሥቻለሁ፤ ግማሹ ይቆይና ፊት ለፊት እንጨርሰዋለን። ከረመዳን በፊት ከሐሩን ጋር እመጣለሁ። ስመጣ መጀመሪያ ሃያ ሁለት ወርጄ የጋሽ ጀቤሳን እጅ እስማለሁ፤ ቀጥዬ ኦብሴ ቤት እሄዳለሁ፤ አንቺም አብረሽኝ ትሄጃለሽ። ደጋግመን እንሄዳለን። የምንመልስላት ባይኖርም እንሄዳለን።

ሳና አገር ስላልሰጠችሽ አታልቅሺ። አንቺም ደሴን እስክትሰጪን ስንት ዓመት ፈጀብን። አብሽሪ፤ ጠብቂያት፤ አትለምኛት።

የቀረው የሳና ነው። አታንብቢላት፤ ስጫትና ራሷ ታንብበው።

ሳናዬ፣

እንቆቅልሽሽ ደረሰኝ። ምን አውቅልሽ ብዬ ሁለት ቀን አሰብኩ። ጨው ክምር ላይ ተቀምጬ አሰብኩ፣ ጨው እየጫንኩ አሰብኩ፣ ከንፈሬ ላይ ያለውን ጨው እየጠረግሁ አሰብኩ። ሐሩን አንብቦት «ይህን የማያውቅ ሰው አፍዴራ ላይ ምን ይሠራል?» ብሎ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለለ። ይሳቅ። እኔ አቅቶኛል።

አገር ስጠኝ እንደምትይኝ አውቃለሁ። ሳትጠይቂኝ እሰጥሻለሁ፤ አፍዴራን ሰጠሁሽ። ከነሐይቁ፣ ከነሙቀቱ፣ ከነአባትሽ ሰጥቼሻለሁ። ለማን እንደምትነግሪ አልጠይቅሽም፤ ያንቺ ነው።

መልሱን ስመጣ ንገሪኝ። እስከዚያ አላውቅም።

አባትሽ ኻሊድ